በቁጥር የቀረችው አበባ

አበባ አዳቃዩን የሠፈሩ ሰው «አባ ቆይ» ይለዋል፤ ስሙ እንዲያው አልወጣለትም። ፒዮኒ የሚባለው አበባ ከዘር ተነሥቶ እስኪያብብ አምስት ዓመት ይፈጃል። እሱ ደግሞ በላዩ ላይ የራሱን አምስት ስድስት ዓመት ይጨምርበታል። አገዳው በነፋስ ይጎብጥ እንደሆን፣ ቀለሙ በፀሐይ ይለቅ እንደሆን አይቶ ሳይጠግብ ስም መስጠት ለእሱ ነውር ነው።

ስም እስኪያወጣላቸው በቁጥር ከሚጠራቸው አበቦች መሐል ቁጥር አሥራ ሰባት ግን እንከን አልነበራትም። ዳር ዳሯ ወተት መስሎ መሐሏ ቀላ ይላል። በባለቤቱ ስም ሰይሞ በአዳዲስ አበቦች መዝገብ ሊያስጽፋት ቃል ከገባ ቆይቷል።

«ዘንድሮስ አትጽፋትም?» ትለዋለች በየዓመቱ።

«ቆይ እስቲ፣ አንድ ወቅት ልያት።»

የሚስቱን ስም ይዛ እንዳታሳፍረው ነው አሉ። ፍቅር ነው ይበል እንጂ እኔ ፍርሃት እለዋለሁ።

በዚህ መሐል ሥሯን ከፍሎ፣ ሌላ አፈር ላይ እንዲሞክርለት ለአንድ ወዳጁ ሰጠ። አብሮ በሰጠው የእንጨት ምልክት ላይ «አሥራ ሰባት» ብሎ ጻፈ፤ ማን እንዳዳቀላት አልጻፈም። በወዳጅ መሐል ምን ያደርጋል ብሎ ተወው። ወዳጁ አምና ሞተ።

ዘንድሮ የባለቤቱ ኩላሊት ደከመ። ሐኪሙ «ሦስት ሳምንት ብትቆይ ነው» ባለው ማግስት አባ ቆይ ቅጹንና ፎቶውን ይዞ መዝገብ ቤት ሄደ። ጸሐፊዋ ፎቶውን ከመዝገቡ ጋር ደጋግማ አስተያየች።

«አባባ፣ ይቺ እኮ ተመዝግባለች። አንዲት ሴት ከሟች አባቷ ጓሮ አግኝታ፣ የአባቴ ሥራ ናት ብላ በስሙ ሰይማ አስመዘገበቻት። ምልክቷ ላይ አሥራ ሰባት ይላል።»

«የእኔ ናት እኮ፣ ልጄ። አሥራ ሁለት ዓመት ያየኋት እኔ ነኝ።»

«አምንዎታለሁ። ግን አንዴ የጸና ስም አይለወጥም፤ ልጅቷ ራሷ ብትፈቅድ እንኳ። ምን ላድርግዎት?»

የሚቆጣው ሰው እንኳ አጣ። ልጅቷ አልሰረቀችው፣ ሟቹ አልካደው። ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ቤት ሲገባ ባለቤቱ ትራስ ተደግፋ ትጠብቀዋለች።

«እሺ፣ ጻፏት?»

እውነቱን ሊነግራት፣ ቅጹን ከኪሱ ሊያወጣ እጁን ሰደደ፤ መልሶ ተወው።

«ቆይ እስቲ፣» አላት፣ «አንድ ወቅት ልያት ብዬ ነው።»

ፈገግ ብላ እጁን ያዘችው። «እሺ፤ እኔም እቆያለሁ።»

አበባዋ እስክትፈነዳ ገና ስምንት ወር ይቀራል።