ማን ዘጋ?

ዛሬ ጠዋት ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር፣ የትራፊክ መብራት ላይ በሞተሬ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ ሲከተለኝ የነበረ አንድ ጎረምሳ ሞተሩን እያስጓራ መጣና አጠገቤ ቆመ። «ምነው እንዲህ ትንፏቀቂያለሽ?» አለኝ በዕብራይስጥ። የቤንዚኑ ሽታ ወደ አባቴ ጀርባ መለሰኝ።

አባቴ እዚሁ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ በሞተር ሳይክል ፖስታ ያደርስ ነበር። ሰው ኦፍኖዓ የሚላትን እሱ «በቅሎዬ» ይላታል። ልጅ ሳለሁ አንድ ዓርብ ቃስዳዬን፣ የራስ ቁሬን፣ ከአገጬ ሥር አጥብቆ አስሮ ከኋላው አፈናጠጠኝ። መንገዱ በዝናብ ርሷል። አንድ ወጣት ውሃ እየረጨብን ሽምጥ አለፈን። «ያላ፣ ሳባ!» ብሎ ሳቀብን፤ ሂድ እንጂ አንተ ሽማግሌ ማለቱ ነው።

አባቴ አልተቆጣም። «ተዪው ልጄ፣ የኔዋ ሰጋር ናት» አለ።

በዕብራይስጥ «ሳጋር» ማለት «ዘጋ» ነው። «አባ፣ ማን ዘጋ?» አልኩት። ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ኪካሩ፣ አደባባዩ ጋ ስንደርስ ያ ወጣት አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ እግሩን ይዞ ያቃስታል። አባቴ ካፖርቱን አልብሶት፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ዝናብ እየደበደበው «አይዞህ ልጄ» ሲለው ቆየ። ልጁ አማርኛ አይሰማም፤ የአባቴን እጅ ግን አልለቀቀም።

ሰጋር፣ ሳትጋልብ፣ ጌታዋን ሳታንገጫግጭ የምታደርስ በቅሎ መሆኗን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በአባቴ አገር በጎንደር የምትመሰገነው እሷ ናት።

«ሰጋር ናት» አልኩት ጎረምሳውን፣ ሞተሬን መታ መታ አድርጌ።

«ማን ዘጋ?» አለኝ ግራ ገብቶት።

«አባቴ፤ ነገሩን ድሮ ዘግቶታል» አልኩት። አረንጓዴው በራ፤ ቀና ብዬ፣ ቀስ ብዬ ሄድኩ።