መጅ የተጫነው ጉልባን

ያገባሁት በጃንሆይ ጊዜ፣ ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከጎንደር ቁስቋም በጭነት ማኪና ዳገቱን ወጥቼ ደጋው አምባ ጊዮርጊስ ስወርድ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ብርዱን ቻልሁት። ያልቻልሁት ባቄላውን ነው።

በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ንፍሮ ቀቀልሁ። እናቴ ቤት በሚበስልበት ሰዓት አውጥቼ ለጎረቤት አቀረብሁ፤ ባቄላው ጠጠር ነበር። እንግዶቹ ጥቂት ቆርጥመው የቀረውን መለሱልኝ፤ ይህም ከስድብ ባሰብኝ። ሌላ ቀን ደገምሁ። ውሃው ፊቴ እየተፍለቀለቀ ባቄላው ግን እንቢ አለ። አማቴም ለሰው ሁሉ ሙሽራዋ ሙያ የላትም ማለት ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ጎንደር አራት ዓመት ተምሬያለሁ። አስተማሪያችን ብርጭቆ ሙሉ ውሃ በወረቀት ከድኖ ሲገለብጠው ውሃው አልፈሰሰም፤ አየር ከታች ሆኖ ይገፋዋል አለን። አየር ክብደት አለው፣ ሁላችንንም ተጭኖናል፤ ዳገት በወጣችሁ ቁጥር ከላያችሁ ያለው ይቀንሳል፤ የሚጫነው ሲቀልለት ውሃ በደንብ ሳይግል ይፈላል፤ እያለ አስረዳን። ያን ጊዜ ምን ይጠቅመኛል ብዬ ነበር። አሁን ምድጃው ዳር ተቀምጬ ገባኝ፤ እዚህ አገር ባቄላው ገላውን ይታጠባል እንጂ አይበስልም።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የአየሩ ነው» አልኋቸው።

ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ፣ «ለእኔ የሚያበስል አየር ላንቺ ምነው ይነፍጋል?» አሉኝ።

እሳቸው ዶሮ ሳይጮህ ጥደው እስከ ቀትር እንደሚያነዱ አውቅ ነበር። ይህን መናገር ሲገባኝ ንዴት ቀደመኝ። የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን እሳቸው በሚፈጅባቸው ጊዜ እኩሌታ አበስላለሁ፣ ካልሆነልኝ ጓዜን ጠቅልዬ አባቴ ቤት እገባለሁ ብዬ ማልሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ የገዛ አፌ ነው። እሳቸው «ሸጋ» ብለው ፈተላቸውን ቀጠሉ። ባሌ ቃልሽን አንሺ ብሎ ሦስት ቀን ለመነኝ። አላነሳሁም።

ሙያ በልብ ነው ብዬ ዘዴዬን ለማንም አልተናገርሁም። አየሩ ካልተጫነልኝ ራሴ እጭነዋለሁ አልሁ። ፀዳ በሚባለው አገር የምትኖረው አክስቴ አረቄ ስታወጣ የማሰሮውን አፍ በሊጥ ትመርገው ነበር። እንፋሎቱ ከታፈነ ውሃውን ይጫነዋል፣ ውሃውም ይበልጥ ይግላል።

በዕለቱ አማቴ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቀኑ ሲጋመስ የተዘፈዘፈውን ባቄላና ስንዴ ጣድሁ፤ ክዳኑን ዙሪያውን በሊጥ መረግሁት፤ ከላዩም የወፍጮውን መጅ ጫንሁበት። መሐላ መሐላ ነውና ጓዜንም ጠቅልዬ ጥግ አስቀመጥሁ። እንፋሎቱ በአንድ በኩል ማፏጨት ሲጀምር ሊጥ ጨመርሁበት። በሌላ በኩል ሲያፏጭም እዚያ ጨመርሁ። በመጨረሻ ጸጥ ሲል ደስ ብሎኝ እንጨት ላመጣ ወጣሁ።

ደጅ ሳለሁ ቤቱ ጮኸ። ስገባ ማሰሮው ለሁለት ተከፍሏል፣ ክዳኑ ተሰባብሯል፣ መጁ በሩ አጠገብ ተጋድሟል። ባቄላው ግድግዳው ላይ፣ ጎታው ላይ፣ ጓዜም ላይ ተለጥፏል። አለቀስሁ፤ ከንዴት ነው እንጂ ከሐዘን አልነበረም። ከዚያ ጓዜን አንስቼ ታቀፍሁት።

አማቴ ሲሰግዱ ውለው ሲመለሱ እንዲሁ ቆሜ አገኙኝ። ስባሪውን አዩ፣ ክዳኑ ላይ የደረቀውን ሊጥ አዩ። ከጎታው ላይ አንድ ባቄላ ለቅመው በጣታቸው ጨፈለቁት፤ ቀመሱት።

«በስሏል» አሉ። ወደ ስባሪው ዞረውም፣ «መቃውስ የታለ?»

የአረቄው እንፋሎት የሚወጣበትን መቃ ማለታቸው ነው። የሊጡን ዘዴ ከአክስቴ ስወስድ መቃውን ረስቼው ነበር። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁት ሴት በአንድ እይታ አገኙት። አፈርሁ፤ ጓዜን ግን አላስቀመጥሁም።

«ለእንፋሎትም ለሰውም መውጫ ይተዉለታል» አሉኝ። «ነይ፣ ጓዝሽን ፍቺ።»

ፈታሁ። ከግድግዳው የተረፈውን ለቅመን፣ አጥበን አብረን በላን። ጥፋቱ የአየሩ መሆኑን ግን እየበላን ደግሜ ነገርኋቸው፤ ዛሬም የምለው ያንኑ ነው።