አማካዩ ንፋስ

ዛሬ ጠዋት ኔዘርላንድስ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ከንፋሱ ጋር እየታገለች ብስክሌቷን ስትገፋ ከትራም መስኮት አየሁና እናቴ የወደቀችበት ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔ እዚሁ ከተማ፣ ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ በብስክሌት ከቤት ቤት እየዞረች አረጋውያንን ትንከባከብ ነበር። አንድ ቀን በሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች መሃል ስታልፍ ንፋሱ ከነብስክሌቷ አንስቶ አስፋልቱ ላይ ጣላት። እጇ አብጦ፣ ኮቷ ዝናብና ጭቃ እየሸተተ ቤት ገባች። ደችኛዋ ለስልክ ስለማይበቃ አለቃዋ ጋ የደወልኩት እኔ ነኝ።

«ትንበያው እኮ መካከለኛ ንፋስ ነው የሚለው» አለች አለቃዋ። «ሌሎቹ ሁሉ ሠርተዋል። ለመሆኑ እናትሽ ብስክሌት መንዳት ትችላለች?»

ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት፣ ድሮ አሰብ ወደብ ላይ ይሠሩ የነበሩት ጎረቤታችን ጋሼ ተፈራ እጇን በሻሽ ያስሩላት ነበር። ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ እሷ የምትነግርሽ የንፋሱን አማካይ ፍጥነት ነው። ሰው የሚጥለው አማካዩ አይደለም፤ ድንገት መጥቶ የሚመታው ነው። እሱ ስንት ነበር ብለሽ ጠይቂያት» አሉኝ።

ልጠይቃት ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪው። እናቴ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ነገ ትገባለች በያት።»

አልኳት። እናቴም በማግስቱ በታሰረ እጇ ሥራ ሄደች።

አሁን ይህን ሳነሳባት፣ «ሴትዮዋ እኮ ክፉ አልነበረችም» ትለኛለች። እኔን ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ይቅርታ ልትጠየቅ የሚገባት እናቴ ነበረች፤ ይቅርታውን በደችኛ የጠየቀው ደግሞ የእኔ አፍ ነው።