ለማሽላም ለሰርግም የምትሆን

መቼ እንደነበረ በውል አላስታውስም። ዘመኑን ሊነግረኝ ይችል የነበረው አባቴ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚቆጥረው በአዝመራ ነበር። እኔ የማውቀው የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ፉጨት እምቢ ያለኝ ጊዜ መሆኑን ነው። የሮቢ ወንዝ ጎድሎ፣ አሸዋው ከረፋድ በኋላ እግር ያቃጥል ነበር። የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ ሲረጭ የሚወጣውን ዓይነት ሽታ ከቤታችን ደጅ ሆኜ ይሸተኛል።

ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ወንዙን ተሻግሮ ነው። መጀመሪያ አሸዋው አለ፤ ከዚያ እግር የሚይዘው ጥቁር አፈር፤ ከዚያ ወደ እናቴ አገር የሚያወጣው ድንጋያማ ዳገት። ለአሸዋው ግመልን የሚያህል የለም። ጥቁሩን አፈር ዝናብ ሲያገኘው ግን ግመል ይንሸራተታል፣ ዳገቱንም አይወደውም። በቅሎ ደግሞ ዳገቱን እንደ ቤቷ ትለምደዋለች፤ አሸዋው ላይ እንዴት እንደምትሆን ግን በእኛ ሰፈር የሞከረ አልነበረም። የእኛ ግመል አርጅቶ፣ ጭነት ባየ ቁጥር ማጉረምረም ሲጀምር፣ የዚያ ሰሞን የቤታችን ወሬ ምን ይገዛ የሚል ብቻ ሆነ። አባቴ ግመል ይላል። እናቴ በቅሎ ትላለች፤ የወንድሟ ሰርግ ደርሶ ነበር፣ ሰርጉም ዳገቱ ላይ ነው።

«ለማሽላ ነው የምገዛው ወይስ ለሽርሽር?» ይላታል።

«ማሽላውስ ዓመቱን ሙሉ ይታጨዳል እንዴ?» ትለዋለች።

ከሁለቱም ይልቅ የጨነቀው እኔን ነበር። ከዚያ በፊት ከግመሉ ላይ ወድቄ ክንዴን ወጌሻ አሽቶኛል። ክንዴ ዳነ፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። የማሽላ መጠበቂያ ማማ ላይ እንኳ አልወጣም አልኩ። የሰፈር ልጆች «ዶሮ እንኳ ቆጥ ላይ ይወጣል» እያሉ ያበሽቁኛል። የሰርጉ ቤት ደግሞ ለልጅ እግር ሩቅ ነው። ግመል ከተገዛ እንደማልወጣበት ሁሉም ስለሚያውቅ፣ እኔ ቤት ቀሪ ነበርኩ። ድቤው ሊቀርብኝ፣ መንዙማው ሊቀርብኝ፣ በማር የራሰው ቂጣ ሊቀርብኝ። ይህን እያሰብኩ ራቴን ሳልጨርስ የተነሳሁበት ቀን ብዙ ነው።

አባቴ ታላቅ እህቱን ሳያማክር ከብት አይገዛም። ይቺ አክስቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ከአፋር በረሃ ጨው እያስመጣች የምትነግድ፣ የግመሉንም የአህያውንም ጠባይ የምታውቅ ሴት ነበረች። ደስ የሚለኝ፣ የከብት ጥርስ አታይም። አባቴ የአንዱን ከብት አፍ ሲከፍት ካየችው «ተወው ሰይድ፣ አብረኸው ልትበላ ነው?» ትለዋለች።

የገበያ ቀን ሦስታችን ወረድን። ግመሎቹ በአንድ ወገን ተንበርክከው ያመሰኳሉ፤ ከደጋ የወረዱት በቅሎዎች በሌላው ወገን ግራር ሥር ተጠግተው ጅራታቸውን ያወናጭፋሉ። አባቴ ወደ ግመሎቹ ማዘንበል ሲጀምር አክስቴ በኩታው ጫፍ ይዛ አንዲት ግራጫ በቅሎ ፊት አቆመችው። ሻጩ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ የደጋ ሽማግሌ ነበሩ። በእኛ ገበያ ከብት ሳይሞከር አይገዛምና፣ ሽማግሌው በቅሏቸውን ይዘው አብረውን ወንዝ ወረዱ። ሥራ ፈት ሁሉ ተከተለን።

ወንዙ ዳር ስልቻ ሙሉ አሸዋ ተሞላ። አባቴ ሊጭን ገመዷን ያዘ፤ ዕድሜውን ሙሉ ግመል ሲጭን የኖረ ሰው ነውና፣ ገመዱን ወደ መሬት እየሳበ፣ ግመል የሚያንበረክክበትን ድምፅ እያሰማ እስክትንበረከክለት ይጠብቅ ጀመር። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደፊት አቁማ አየችው። እንደገና ሳበ። እንደገና አየችው። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

ሽማግሌው ግን ሳይስቁ «ይተዉት ወንድሜ» አሉ። «ይቺ የደጋ ልጅ ናት፤ ለንጉሥም አትንበረከክም።»

አባቴ ኩርፊያው ፊቱ ላይ ሊወጣ ሲል ራሱ ሳቀ። «እንግዲያው እኔ ልንበርከክላት አባቴ» አለና፣ መጫኛውን በሆዷ ሥር ለማሳለፍ እውነትም ተንበረከከ።

አሸዋውን በትንንሽ እርምጃ፣ ሳትቸኩል አለፈችው። ውሃው አፋፍ ስትደርስ ግን ቆመች፤ አሸተተች፣ በአንድ እግሯ ሥሩን ነካ ነካ አደረገች። «ይኸው፣ ግመል ቢሆን ገብቶ ነበር» አለ አባቴ። አክስቴ «አምና ጎርፍ የወሰደው የጎረቤትህ አህያም ገብቶ ነበር» አለችው። በዚህ መሃል በቅሎዋ ገባች፣ ተሻገረች፣ ተመለሰች።

«ጭነቱን አየን። አሁን ሽርሽሩን እንይ» አለችና አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ የግራሩን ግንድ አቅፌ ነበር። አልጎተተችኝም። ስልቻውን አስወርዳ፣ ኮርቻ አስጭና፣ ቀሚሷን ሰብስባ ራሷ ወጣችባት። «እርካቡን ያዝልኝ ሙሄ። ብወድቅ ማን ያነሳኛል? እነዚህ እንደሆኑ ሲስቁ ነው የሚውሉት» አለችኝ። እርካቡን ለመያዝማ መሬት ላይ ነኝ ብዬ ይዤ ሄድኩ። ውሃው ጉልበቴ ደረሰ፣ ወገቤ ደረሰ። በቅሎዋ አልቆመችም፤ አክስቴም ወደ ታች እያየች «እንግዲህ ወይ ጠጣው፣ ወይ ና ውጣ» አለችኝ። እጇን ዘረጋች። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ብቻ እርጥብ ሱሪዬ ኮርቻው ላይ ጭብ ሲል ሰማሁት።

በቅሎዋ ሰጋር ነበረች። ማዶውን ደልዳላ ስታገኝ እርምጃዋን ቀየረችና፣ ወተት ይዘህ ብትቀመጥ የማይፈስስ ዓይነት አካሄድ ሄደች። ነፋሱ በወለቀው ጥርሴ መሃል ሲገባ ፉጨት የመጣልኝ መሰለኝ። መሬቱ ሩቅ ነበር፣ እኔም አየሁት፣ አልፈራሁትም። ስንመለስ አባቴ ከኔ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ቆሟል። የግመሉን ነገር ትቶ ከሽማግሌው ጋር በዋጋ ሊስማማ ዘወር አለ።

ለሰርጉ ዳገቱን የወጣሁት በዚያች በቅሎ ነው። ሌሎቹ ልጆች የሙሽራውን አጀብ ሊያዩ አጥር ላይ ሲንጠላጠሉ እኔ ከላይ ሆኜ አየሁ፤ ቂጣውንም እዚያው ተቀምጬ በላሁ፣ ውረድ ቢሉኝ አልወርድም አልኩ። ለማሽላው እርግጥ ግመሉን ያህል አልጫነችም። አባቴ በየአዝመራው ያጉረመርማል፤ ግን ወንዝ ወስዶ የሚያጥባት ራሱ ነበር፣ ለማንም አይሰጥም።

አሁን ልጄ ዑመር እዚያው መሬት ላይ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል። በቀደም ለእርሻውም፣ በዒድ ቤተሰቡን ለማንሸራሸርም የሚሆን ባለ አራት ጎማ ሞተር ሊገዛ ፈለገ። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንደኛው ተፈናጠው የሚነዱት ነው፤ ሌላው ጎን ለጎን የሚቀመጡበት፣ ከኋላው ጭነት የሚይዝ። በስልኩ እያየ ሲያማርጥ ሰነበተ። በኛ ጊዜ ለአንዲት በቅሎ ገበያው ሁሉ ይሰበሰብ፣ የማያውቀን ሰው ሁሉ ያሻውን ይል ነበር፤ አሁን ስልኩና እሱ ብቻ ናቸው። ያ ሁካታ ትንሽ ናፈቀኝ። ሁለተኛው ይሁን አልኩት፤ ሚስቱም ልጆቹም ከጎኑ ይቀመጣሉ።

ሞተሩ የመጣ ቀን ከጎኑ አስቀመጠኝና ያንን ዳገት ይዞ ወጣ። የልጅ ልጆቼ ከኋላ ይንጫጫሉ፤ እኔም ሳቄ መጣ። «አባባ፣ አይፈሩም እንዴ?» አለኝ። ድሮ እፈራ እንደነበረ፣ ከፍርሃቱ ያወጣችኝም አክስቴ እንደሆነች ነገርኩት። ዑመር አልደረሰባትም። ስሟን ጠየቀኝ።

መሬማ ይማም አልኩት።