ቆስጣ ሻጩ ወንድም

እህቴ ቆስጣ መሸጤን አልጠላችም፤ የጠላችው ጎሮ ላይ መሸጤን ነው።

«መሸጥህ ካልቀረ ራቅ ብለህ ሽጥ። ከዚህ እስከ አያት ድረስ የሚያውቀን ሰው አለ» አለችኝ።

እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከቃሏ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን «የሰረቅኩ ይመስል የምን መራቅ ነው? እዚሁ ነው የምሸጠው» አልኳት። አኮረፈች። እኔም አኮረፍኩ።

ጉርድ ሾላ የነበረው የሕንፃ ንድፍ ቢሯችን ሲዘጋ ሥራ ፈትቼ ከርሜ ነበር። ከተከራየሁት ቤት ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት መቆፈር የጀመርኩት ሐሳብ እንዳይበላኝ ብዬ እንጂ ገበሬ ልሁን ብዬ አልነበረም። መሬቱ ግን በቆስጣና በቃሪያ አንበሸበሸኝ። ለጎረቤት አድዬ አላልቅ ሲለኝ የእሁድ ገበያ ላይ ቦታ ጠየቅኩ፤ ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው እሁድ አፌ ተሳሰረ። ግራና ቀኜ ያሉት ሴቶች «ና የኔ ጌታ፣ ነይ የኔ እናት» እያሉ ሰው ሲጠሩ፣ እኔ ዝም ብዬ ተገትሬ ቆስጣዬ ጠወለገ። አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አየችኝ አየችኝና «ወንድምዓለም፣ ቆስጣው ራሱ አይጣራልህም» አለችኝ። ደሜ ፈላ። የማፍር ከሆነማ ለምን መጣሁ? «የጓሮ ቆስጣ! ዛሬ የተቆረጠ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ሰለለብኝ፤ ደገምኩት። አንድ ጎረምሳ ቆም ብሎ «ሚስትህ የት ሄዳ ነው?» አለኝ።

«ሚስት የለኝም፤ ቆስጣ ግን አለኝ። ትገዛለህ?»

ስቆ ገዛ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልፈራሁም።

አንድ እሁድ እህቴ ከማኅበርተኞቿ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔ ጋ ደረሱ። ሴቶቹ አያውቁኝም። ቆስጣዬን እያገላበጡ ሲመርጡ እሷ መሬት መሬት እያየች ቆመች። ሁሉም ሲገዙ ብቻዋን መቅረቱ ከበዳት መሰለኝ፣ አንድ እስር አንስታ ዋጋ ጠየቀችኝ። ከፈለችና «ትንሽ ይመርቁልኝ እንጂ» አለችኝ።

አንቱ አለችኝ። ገላዬን አጥባ ያሳደገችኝ ሴት፣ እንደ ባዕድ አንቱ አለችኝ።

«ምርቃት ለማውቀው ሰው ነው» አልኳት። «እርስዎን ግን አላውቅዎትም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ጥላኝ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ቆስጣውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «አንተ ባለጌ፣ እኔን ነው የማታውቀኝ? አዝዬ ያሳደግኩህን?» ስትል ገበያተኛው ሁሉ ዞረ።

ከማኅበርተኞቿ አንዷ ደንግጣ «ማነው እሱ?» አለቻት።

«ወንድሜ ነው። የእናቴ ልጅ» አለች፣ ቁጣዋ ሳይበርድ። ምን እንዳለች የገባት ካለችው በኋላ ነው።

ፌስታሏን ከእጇ ተቀብዬ ቆስጣዋን መልሼ ከተትኩና ቃሪያ በእፍኝ በእፍኝ እጨምርበት ጀመር። «በቃ፣ ይበቃል» ብትለኝም አላቆምኩም።