ጽሑፌን ለማስመለስ ወንጪ ወረድኩ

ቅዳሜ ጠዋት ከአምቦ ስነሳ ለጎረቤቶቼ «ወንጪ ትንሽ ልናፈስ ነው» ብያቸዋለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሄድኩት ልጣላ ነው።

አምቦ ውስጥ አምስት ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ኮምፒውተር የተማርኩት ኢንተርኔት ካፌ ወረፋ ይዤ፣ በሰው ትከሻ ላይ እያየሁ ነው። ለማረፊያዬ ድረ ገጽ ሳሠራ የወንጪን መንገድ በራሴ ቃል ጻፍኩበት፤ ራሴ ያነሳሁትን የጀልባ ቀዛፊ ፎቶም ከላይ ለጠፍኩ። ሰው እያነበበ ይመጣልኝ ነበር። በቀደም ታዲያ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ቁርስ ላይ ሆነው «እትዬ ጽጌ፣ ይህን ጽሑፍ እኮ ሐይቁ ዳር፣ ሐሮ ወንጪ መንደር ያለችው የአያንቱ ማረፊያ ገጽ ላይም አንብበነዋል። ዛሬ የምናድረው እሷ ጋ ነው» አሉኝ።

ገብቼ አየሁት። ቃል በቃል የእኔ! ፎቶውም የእኔ! ስሜ ግን የትም የለም። ከሁሉም ያቃጠለኝ የእሷ ገጽ ከእኔው ማማሩ ነው። ጭጋግ ከሐይቁ ላይ ሲነሳ የሚያሳይ ፎቶ አላት፤ እኔ አምቦ ተቀምጬ ያንን ከየት አመጣለሁ?

ፍርድ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡትን ጎረቤቴን አቶ ግርማን አማከርኳቸው። «ጽሑፍ የጻፈው ሰው ንብረት ነው፣ ፎቶም ያነሳው ሰው። ኢንተርኔት ላይ ወጣ ተብሎ የማንም አይሆንም። ግን ክስ ከማለትሽ በፊት ገጹን አሳትመሽ ያዢና ራሷን አነጋግሪያት» አሉኝ። ስለ ፎቶው ሌላም ነገር ጨምረው ነበር፤ እኔ ግን «የጻፈው ሰው ንብረት ነው» ከተባልኩ በኋላ ጆሮዬ ተዘግቷል።

ሽቅብ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ሠላሳ ብር ከፍዬ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። አስፋልቱን ትተን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ አቧራው ጀመረ፤ ከፍ ባልን ቁጥር ጤፉ ለገብስ፣ ገብሱ ለእንሰት ቦታ እየለቀቀ ሄደ። ብርዱ ሲጠና ጋቢዬን አወጣሁ። አጠገቤ ሁለት ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ ነበረች።

«ማን ጋ ልታርፊ ነው?» አለችኝ።

«አያንቱ ጋ።»

«ኡኡቴ! ፈረንጁም አበሻውም እሷ ጋ ነው! ምን እንደምታቀምሳቸው እንጃ!»

ያሳተምኩትን ወረቀት በጋቢዬ ሥር ጨመቅ አደረግኩት።

በተራ

ወንጪ አፋፉ ላይ የመንደሩ ማኅበር ጎጆ አለች። እዚያ እንግዳ ፈረስ አይመርጥም፣ ባለ ፈረስም እንግዳ አይጠራም፤ ሁሉም በተራ ነው፣ ጀልባውም ጭምር። ጥቁሩን ፈረስ ብዬ ለመንኩ። «አይሆንም፣ ተራው የዳማው ነው» አሉኝ። የዳማውን ልጓም ይዘው የመጡትን ሰውዬ ሳይ ክው አልኩ። የፎቶዬ ቀዛፊ!

«አካም ጅርታ፣ አዴ!» አሉኝ፤ «እንደምን ነሽ፣ እትዬ» እንደማለት ነው። እሳቸው አላወቁኝም። ኦቦ ደቻሳ ይባላሉ። ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ ቀስ ብዬ «ጀልባ ላይ የሚሠሩ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው።

«ነበርኩ። አንዲት የአምቦ ሴት ፎቶዬን ኢንተርኔት ላይ ለጠፈችው፤ ከዚያ አያንቱ ወሰደችው። እንግዳው ሁሉ ስልኩን እያሳየ ‹ይሄ ሰውዬ ይቅዘፈን› ይላል። ጓደኞቼ ‹ተራችንን ነጠቅከን› ብለው ቀኑብኝና ከጀልባ አወረዱኝ።» ፈረሱን ቸብ አደረጉት። «ፈረሱ የወንድሜ ነው። እኔ የውሃ ሰው ነኝ። ያቺን ሴት ባገኛት!»

አቶ ግርማ የጨመሩት ነገር ያኔ ትዝ አለኝ፦ ፎቶው ያነሳው ሰው ንብረት ቢሆንም፣ ፊቱ ያለበት ሰው ሳይፈቅድ ለሕዝብ አይታይም። እስከ ሐይቁ ዳር ፊቴን በጋቢዬ ሸፍኜ ሄድኩ።

ሐይቁ ዳር

አያንቱ ወጣት ናት፤ ግቢዋ እንደ ገጿ ያምራል። ሳልቀመጥ ትኩስ ድንችና ማር አቀረበች። ወረቀቱን ዘረጋሁና «ይህ ጽሑፍ የእኔ ነው» አልኳት።

«አዴ ጽጌ፣ እርስዎ ነዎት?» ብላ ደነገጠች። «እዚህ መንገዱም ጀልባውም የጋራ ነው። ስለ ወንጪ የተጻፈም የወንጪ መሰለኝ።»

«መንገዱ የወንጪ ነው። ቃሉ ግን የእኔ ነው» አልኳት።

ፈረሱን አስረው የገቡት ኦቦ ደቻሳ ወረቀቱን አነሱት። «ታዲያ ያቺ ሴት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እዚህ ድረስ የመጣሽው ጽሑፌን ወሰደችብኝ ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ የምሬት ሳቅ ነበር። «ሁለት ሆናችሁ በእኔ ፊት ትጣላላችሁ። ባለ ፊቱን ግን የጠየቀ የለም!»

አያንቱ ድንቹን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ስንነጋገር ቆይተን ተስማማን። ፎቶው ከሁለታችንም ገጽ ይወርዳል፤ ጽሑፉ ሥር ስሜ ይገባል፤ ሁለታችንም «ጀልባ በተራ ነው፣ ቀዛፊ አይመረጥም» ብለን እንጽፋለን። ወደ ማኅበሩ ሦስታችንም ሄድን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አንዱ ቀዛፊ «እንዲህ ከሆነማ ደቻሳ ከተራው መጨረሻ ይግባ» አለ፤ ሌሎቹ አጉረመረሙ እንጂ እምቢ አላሉም።

አምቦ

ቤቴ ስደርስ ፎቶውን አወረድኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ሲለጠፍ ከጻፈውና ካነሳው ሌላ የሚጠየቅ ሰው እንዳለ ነው። ቅናቴ ግን ወንጪ አልቀረም፤ አብሮኝ ተሳፍሮ መጥቷል።

ከቀናት በኋላ የአያንቱን ገጽ ከፈትኩ። በፎቶው ቦታ ዳር ላይ የተደረደሩ ባዶ ጀልባዎች አሉ። ከሥር እንዲህ ብላለች፦ «ይህን መንገድ የጻፉት አዴ ጽጌ ናቸው። አምቦ ስታልፉ ጎራ በሉ፤ መንገዱ የሚጀምረው ከሳቸው ደጅ ነው።»

ይህን እኔ ለምን አልጻፍኩትም! ገልብጬ ገጼ ላይ ልለጥፈው ጀመርኩ። ከዚያ ስልኩን አነሳሁ።

«አያንቱ፣ አንዲት መስመርሽን ፈልጌ ነበር። ትፈቅጂልኛለሽ?»

«ይውሰዱት አዴ! ስሜን ግን ከሥሩ!» ብላ ሳቀች።

ስሟን ከሥሩ ጻፍኩ። ፊደሉን ግን ከእኔ ስም ትንሽ አሳነስኩት።