በዘራችን የለም!

ልጄ ጉልበቷ እያበጠ ጧት ጧት እንደ ዱላ ተገትራ ትነሣና ቀትር ላይ ትሮጣለች። የማራኪ ሰፈር ጎረቤቶቼ ግማሾቹ ትምህርት ጠልታ ነው ሲሉ ግማሾቹ ዐይን በላት አሉ። ጉልበቷ ግን ማበጡን አላቆመም። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ታቦት ፊት ልትዘምርበት ለጥምቀት ያሰፋሁላት ቀሚስ ሳይለበስ ሣጥን ገባ። ለከርሞስ ትለብሰው ይሆን? እያልኩ ሆዴ ይባባል።

ሐኪም ዘንድ የሄድነው ቤተ ዘመድ ሆነን ነው። ሐኪሙ በልጅነት የሚጀምር የመገጣጠሚያ ብግነት መሆኑን፣ ሕክምናውም መርፌ መሆኑን ነገረንና «ከዘመድ እንዲህ ያመመው አለ?» አለ። በእኛ አገር ደግሞ ስለ ዘር የሚጠይቅ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ብቻ ነው። የባሌ አባት፣ መሪጌታው፣ ብድግ አሉ።

«እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር በዘራችን የለም!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

ደሜ ፈላ። «በእኛም የለም!» አልኩ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ልጅቷን ልትጠይቅ ከአዲ አርቃይ የመጣች አክስቴ ጥግ ተቀምጣለች። ጣቶቿ ቆልመም ያሉ ስለሆኑ እጇን ከነጠላዋ አታወጣም። በልጅነቷ ከበቅሎ ወድቃ ነው ሲባል ነው ያደግነው። አማቴ በዐይናቸው ወደ እሷ ሲጠቁሙ፣ «እሷ ከበቅሎ ወድቃ ነው» አልኩ።

«ምነው የኔታ፣» አለች፣ «እኔ መቼ ከበቅሎ ወደቅሁ? ጣቴን አይቶ ባል እንዳይሸሽ የተባለ ነው። በቅሎስ መቼ ኖሮን ያውቃል!»

ሐኪሙ ሳይቀር ሳቀ። አማቴ ጢማቸውን አሻሽተው አሻሽተው፣ «እንዲያ ከሆነማ የእኔም ታናሽ ወንድም ጉልበቱ ያብጥ ነበር። ዜማ ቤት አዝዬው ነበር የምሄድ» አሉ። ሽምግልና ቢሆን ጋብቻው ይፈርስ ነበር፤ ለእኔ ግን ከትከሻዬ ሸክም ወረደልኝ።

«ከአንድ ሰው የሚመጣ አይደለም፣» አለ ሐኪሙ። «በዘር የሚወረሰው ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ወገን ጥቂት ጥቂት ይዋጣል። ያም ሆኖ የደረሰው ብዙ ሰው ሳይታመም ይኖራል። የማንም ጥፋት አይደለም።»

«እንደ ማኅበር ድግስ ነዋ!» አሉ አማቴ።

ልጄ ሁሉንም ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ታዲያ እኔ በማን ወጣሁ?» አለች።

አክስቴ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ዘረጋችላት። «በእኔ፣ የኔ ሸጋ። ግን እዚህ ድረስ አትከተይኝ፤ እኔን ያየኝ ሐኪም አልነበረም። አንች መርፌሽን ተወጊ።» ልጄ የራሷን ትንሽ እጅ አጠገቡ ዘርግታ ፈገግ አለች። መርፌ ሲባል የምትጮኸው ልጅ ከዚያ ወዲህ ክንዷን ራሷ ትሰጣለች።

መድኃኒቱ ቀስ እያለ ሠራ። ዛሬም አልፎ አልፎ ጧት ትገተራለች። በዓመቱ ጥምቀት ግን ያ ቀሚስ ከሣጥን ወጣ፤ አጥሯታል፣ ማን ግድ ብሎት! ታቦቱ ፊት እየዘመረች ስታልፍ አንዲት ጎረቤቴ፣ «እንዲህ እግሯ የቀለለው በማን ወጥታ ነው?» አለችኝ።

«በእኔ!» አለች ለበዓሉ የመጣች አክስቴ ከኋላዬ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጣል አድርጋ ታጨበጭብ ጀመር። አክስቴ ስታጨበጭብ በዕድሜዬ ገና ያን ቀን አየኋት።